የአምሮት ሎሚ

ጣሊያን ባሕር ዳር በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በመጋቢት ወር፣ ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ እኅቴ ገንፎ እየበላች ሳለ አንድ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ገንፎው ለስላሳ ነበር፤ ጠጠርም አጥንትም አልነበረበትም። ጥርሱን በጣቷ ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችውና ለእናቴ አሳየቻት። ከወለደች ገና ሁለት ሳምንት አልሞላትም።

እናቴ ጥርሱን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ ከገንፎው በጣቷ ጫፍ ቀመሰችና፣ «ሻክሮ ነው መሰል» አለች። በማግስቱ ዱቄቱን ደግማ ነፋችው።

ያን ጊዜ አሥራ ሰባተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የአራሷ ቤት ሥራ የእኔ ስለነበር፣ እዚህ የምጽፈው አብዛኛው ራሴ ያየሁት ነው። ያላየሁትን ማን እንደነገረኝ እናገራለሁ።

ቤታችን ከሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ከሚያልቅበት ላይ ነበር። አባቴ እህል ነጋዴ ነበሩ። ከመራዊ ጤፍና ዳጉሳ በአህያ ያስመጡና ለዘጌ ሰዎች ይሰጣሉ፤ የዘጌ ሰዎች በምትኩ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ያመጣሉ። ዘጌ በሬ አይጠመድበትም። የገዳማቱ የጥንት ሥርዓት ስለሚከለክል እዚያ መሬት የሚያርስ የለም፤ ዛፍ ይተክላሉ እንጂ እህል አይዘሩም። ስለዚህ በየጥቂት ሳምንቱ አንድ ታንኳ ሎሚ ጭኖ ከበራችን ፊት ለፊት ይጠጋል፤ ሲመለስ እህል ጭኖ ይመለሳል። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ እነሱ ክርስቲያኖች ናቸው። ሥጋ አንበላላም። ሎሚን ግን ማን ቆረጠው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በቤታችን ሎሚ እንደ ምግብ አይቆጠርም ነበር። ዓሣ ይታጠብበታል፤ ከዓሣው በኋላ እጅ ይታሽበታል፤ የናስ ዕቃ ይወለወልበታል። ልጆች ጨው ነስንሰው ይመጥጡታል፤ እሱም ጨዋታ እንጂ መብል አይባልም። ከብዙ ዓመት በኋላ ለጋዜጣ ስሠራ፣ ስለ አገሪቱ የፍራፍሬ አቅርቦት እንድጽፍ ታዝዤ በሐይቁ ዙሪያ ዞሬ ነበር። መራዊ በመስኖ ብርቱካን የጀመሩ ገበሬዎች አገኘሁ። ዘጌ የሎሚው ዛፍ አርጅቶ፣ የሚተካው ደግሞ ጥቂት ሆኖ ጠበቀኝ፤ ባሕር ዳር ዙሪያ አንዳንዱ የሎሚ ጓሮ ወደ ጫት ዞሯል። በየቤቱ እየገባሁ ሴቶቹን ትናንት ምን እንደበላችሁ ንገሩኝ ስላቸው እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ ዓሣውን፣ ቃሪያውን ሳይቀር ይነግሩኛል። ሎሚ ያለች አንዲትም አልነበረችም። ዞር ስል ግን የተጨመቀ ልጣጭ ከምድጃው አጠገብ ወድቆ አያለሁ። በጽሑፌ ላይ፣ ሎሚ ሰው ቤት ምን ያህል እንደሚበላ በትክክል የሚያውቅ የለም ብዬ ጻፍሁ። አለቃዬ ቁጥር ፈልጎ ነበር፤ የለም አልሁት።

ጣሊያኖቹ ሲገቡ በመጀመሪያ የተለወጠው ሐይቁ ነው። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች በታንኳ ይሻገራሉ ተብሎ፣ ፈቃድ የሌለው ታንኳ እንዳይንሳፈፍ ታዘዘ። ዓሣ አጥማጆቹ ከዳር ሳይርቁ መረባቸውን መጣል ይችሉ ነበር፤ ከዘጌ የሚመጣው ግን ቀረ። በእግር የሚመጣ አልጠፋም፤ ሆኖም ኬላው ላይ ለጦር ሰፈሩ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቆሞ፣ እንቁላልም ሆነ ፍራፍሬ ያገኘውን ሁሉ ይወስዳል። ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ሎሚ ነበር። ዘጌ ላይ ሎሚው ከዛፉ ሥር እየወደቀ እንደበሰበሰ ኋላ ሰማን፤ ባሕር ዳር ግን አንዲት ፍሬ አትገኝም። በጓሯችን ጎመን ላይም የሽቦ አጥር ተዘረጋና የጦር ሰፈሩ በቅሎዎች በሉት።

እኅቴን አምሮት የጀመራት በዚያ መሐል ነው። ባሏ ጀልባ ሠሪ ነበር፤ ጣሊያኖቹ ጎርጎራ ወስደው ያሠሩት ስለነበር እሷ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። አንድ ቀን ጠዋት ባዶውን የሎሚ ቅርጫት ፊቷ ላይ ደፍታ አገኘኋት።

«እታለም፣ ምን ሆነሻል?» አልኋት።

«ዝም በይ። ሽታው ገና አልወጣም» አለችኝ ከቅርጫቱ ውስጥ።

በአገራችን እርጉዝ ያማራትን አትደብቅም፤ ሰውም አይነፍጋትም። አምሮቷን ሳታገኝ የወለደች እንደሆነ፣ ያማራት ነገር በልጁ ገላ ላይ ምልክት ሆኖ ይወጣል ይባላል። ስለዚህ ነገሩ በአንድ ቀን በመንደሩ ተሰማ። ጎረቤቶች ኮምጣጣ የመሰላቸውን ይዘው መጡ፤ አንዷ የቆየ እርጎ፣ አንዷ አሬራ፣ አንዷም ከዚህ የበለጠ የሚኮመጥጥ የለም ብላ የእንጀራ እርሾ በጣሳ። እኅቴ እርሾውን ሳይቀር አመስግና ቀመሰች። ሎሚ ግን አልሆነላትም።

አባቴ እስከ ጦር ሰፈሩ በር ሄደው አንድ ሎሚ ለመኑ። ይህን የነገሩን ራሳቸው ናቸው። አስተርጓሚው ስቆ፣ ሎሚው ለወታደሩ ድድ በሐኪም ትእዛዝ የሚታደል ነው፣ ለሴት አምሮት ተብሎ የሚወጣ የለም አላቸው። አባቴ ቤት ገብተው ቁጭ እንዳሉ፣ «ለድድ ነው አለኝ። ሲነፍጉ እንኳ ምክንያት አያጡም» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እኅቴም አብራ ሳቀች።

ከዚያ አባቴ ወደ ዘጌ በእግሩ በሚመለስ ሰው፣ እዚያ ላሉት የቆየ ደንበኛቸው ቃል ላኩ፤ ልጄን የሎሚ አምሮት ይዟታል፣ በምትችለው መንገድ ላክልኝ የሚል ነበር። መልስ ሳይመጣ ወራት አለፉ። የካቲት ሊያልቅ ሲል እኅቴ ሴት ልጅ ወለደች።

የአራስ ሥርዓት ከእርጉዝ ሥርዓት የተለየ ነው። እርጉዝ ያማራትን ትበላለች፤ አራስ እስከ አርባ ቀን የተፈቀደላትን ትበላለች። ያዋለዷት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን ነበሩ፤ እኛ እማማ እንላቸዋለን። ብርድ፣ ጥሬ ነገርና ኮምጣጣ እኅቴ የተኛችበትን መጋረጃ እንዳያልፍ አዘዙ። ኮምጣጣ ወተት ይቆርጣል፣ አጥንት ውስጥም ገብቶ ይቀመጣል ይሉ ነበር። እናቴ ትእዛዙን ማክበር ብቻ ሳይሆን ጨመረችበት። ገንፎ በቅቤና በማር፣ አጥሚት፣ የዶሮ መረቅ፤ ከዚህ ሌላ ለእኅቴ የሚገባ አልነበረም። እኛ ውጭ የተገኘውን ቃሪያና ጥሬ ሽንኩርት በእንጀራ ስንበላ፣ ሽታው እንዳይደርሳት መጋረጃውን ትጋርድ ነበር።

የእኅቴ ድድ ማበጥ የጀመረው ከመውለዷ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ እርግዝናው ነው ተባለ። ከወለደች በኋላ ወይን ጠጅ ቀለም ያዘ፤ ስትናገር ይደማል። ማንም ሳይነካት ባቷና ጭኗ በለዘ። በልጅነቷ እሳት የነካት የእጇ ጠባሳ፣ ድኖ ስንት ዓመት የኖረው፣ እንደ አዲስ ተከፈተ። ከመደቧ ለመነሣት ትከሻዬን ትይዛለች። ወተቷም ቀነሰ፤ ሕፃኗ ጡቱን ትይዝና ትለቃለች፣ ታለቅሳለች፣ እንደገና ትይዛለች።

እናቴ እኅቴ በደከመች ቁጥር ምግቧን ይበልጥ አለሰለሰችው። በገንፎው ቅቤ ላይ የሚነሰነሰውን በርበሬ ድዷን ያቃጥላታል ብላ አስቀረች። ቀጥላ ማሩን ቀነሰች፤ ጨውም ያሳክካት ይሆናል አለች። መጨረሻ ላይ ከገንፎው የሚወጣ ነገር አጥታ፣ ገንፎውን በአፏ እየነፋች እስኪበርድ ትጠብቅ ጀመር። የመጀመሪያው ጥርስ የወለቀው በዚህ መሐል ነው። ጥርሱ ከወለቀ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ የሕፃኗን ልብስ እየሰፋች ሳለ፣ «ይችን ማን ያጠባታል?» ስትል ሰማኋት። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው። መርፌውን አላቆመችም።

በሳምንቱ፣ በገበያው ቀን፣ የዘጌው የአባቴ ደንበኛ መጡ። በዕድሜ ከአባቴ የሚበልጡ፣ ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነበሩ። አንድ ከረጢት ጌሾ በትከሻቸው ተሸክመው በግቢያችን በር ሲገቡ ጎረቤታችን ዓሣ ነጋዴው ከደጁ ላይ አያቸው።

«ጠላ ልትጠምቅ ነው?» አለ ለአባቴ። «ለእኛም ቀንስልን እንጂ።»

«አንተ ሳትጠጣም ትንገዳገዳለህ» አሉት አባቴ።

እንግዳው ቤት ገብተው ከረጢቱን ፈቱና የጌሾውን ቅጠል ምንጣፉ ላይ ዘረገፉት። ከቅጠሉ ሥር ሎሚ ነበር። አብዛኛው አረንጓዴ፣ ጥቂቱ የበሰለ፣ በመሐሉም አንድ ትልቅ ትርንጎ። ኬላው ላይ ዕቃ ገዢው እጁን ከረጢቱ ውስጥ ቢሰድ ያገኘው ጌሾ ብቻ እንደነበር፣ አንድ ቅጠል አኝኮ ምርር ቢለው ተፍቶ እንዳሳለፋቸው ነገሩን። ሲያወሩ ወደ አባቴ እንጂ ወደ ሎሚው አያዩም።

«አዘገየሁት» አሉ። «ውሃው ቢዘጋብኝ በእግሬ ተማመንሁ፤ እሱም እንደኔው አርጅቷል። መቼም በሰላም ተገላግላለች?»

አባቴ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተገላግላለች ብለው ወደ መጋረጃው ተመለከቱ። እንግዳው ስለራሳቸው ቤት ማውራት ጀመሩ። እህል ካዩ ሰንብተዋል፤ በዱባ ነው የሚያድሩት፤ ልጆቹ ዱባ ሲያዩ ከቤት ይወጣሉ። አባቴ ጤፉ እዚያ ጥግ እንዳለና የእነሱ ድርሻ እንዳልተነካ ነገሯቸው።

ከመጋረጃው ጀርባ የእኅቴ ድምፅ መጣ።

«እማ፣ ሎሚ ገብቷል።»

ጥያቄ አልነበረም። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ነጠላዋን ሎሚው ላይ ጣለች።

«ጌሾ ነው፣ ልጄ።»

«ጌሾ ሎሚ ሎሚ ይሸታል?»

አባቴ ወደ መሬት አዩ። እንግዳው ግን እናቴን ተመለከቱ፤ ነጠላውንም ተመለከቱ።

«እሜቴ፣ የሷን ሎሚ ከሷ ነው የምትሸፍኚው?» አሉ።

«አራስ ናት እኮ፣ አያ። ኮምጣጣ አይሆንላትም። እንዲሁም አፏ ቁስል ነው።»

«እኔ ለአራስ አልተላክሁም» አሉ እንግዳው። «የተላከብኝ ለእርጉዝ አምሮት ነው። የዘገየሁት እኔ እንጂ እሷ በጊዜው ጠይቃለች።»

እናቴ ነጠላዋን እንደያዘች ቆመች። ሰው ሲያስብ አይቻለሁ፤ እናቴ እንደዚያን ዕለት ስታስብ ግን አላየሁም። ከዚያ ጫማ ሳታደርግ ወጥታ ሄደች፤ የሄደችውም እማማን ለመጥራት ነበር።

እማማ መጥተው ነገሩን ከእናቴም ከእንግዳውም ሰሙ። አምሮቱ ከመውለዷ በፊት እንደተነገረ ጠየቁ፤ መንደሩ ሁሉ ምስክር ነው ተባለ። ቃሉም ከመውለዷ በፊት ወደ ዘጌ እንደተላከ ጠየቁ፤ አባቴ አዎ አሉ። ሕፃኗን ከእኅቴ ጎን አንሥተው ወደ በሩ ብርሃን አወጧትና መጠቅለያዋን ፈቱ። እጇን፣ ብብቷን፣ ጀርባዋን አገላብጠው አዩ። በግራ ጭኗ ላይ፣ ከጉልበቷ ከፍ ብሎ፣ አንድ ክብ የሆነ ፈዛዛ ምልክት ነበረ።

«ይኸውና» አሉ እማማ። «አምሮቱ አልወጣም።»

ለእኔ ምልክቱ ሽንብራ ነበር የመሰለኝ። ሕፃኗን ተቀብዬ መልሼ ጠቀለልኋት።

እማማ ፈረዱ። ሎሚው በረመጡ ዳር ይሙቅ፤ ብርድ አይኑረው፤ በጨው ትቅመስ፤ ለአምሮቱ አንድ ይበቃል። እናቴ አንዱን አነሣች፤ ከዚያ እጇን መለሰችና ወደ እሳቸው ዞረች።

«እማማ፣ አምሮት በቁጥር ነው እንዴ?»

«አይደለም» አሉ። «እስኪበቃት ነው።»

«እንግዲያ በቃኝ እስክትል ነው» አለች እናቴ፤ ቅርጫት አምጥታ ሎሚውን በሙሉ ከጌሾው ለየችው።

የመጀመሪያዋን ግማሽ ሎሚ ለእኅቴ የያዝሁላት እኔ ነኝ። ድዷን ሲነካ ክንዴን ጨበጠችው፤ ጥፍሯ ገባ፣ እንባዋ ወረደ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። «ይቅርብሽ» አልኋት። እኅቴ ግማሹን ከእጄ ወሰደችና ልጣጩ እስኪገለበጥ መጠጠችው። ቀጥላ ሁለተኛውን ግማሽ ጠቆመችኝ።

«በቃሽ?» አለች እናቴ፣ ገና ከግድግዳው ሳትዞር።

«ገና ነው» አለች እኅቴ።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ። እናቴ ጠዋትና ማታ ትጠይቃለች፤ እኅቴ ገና ነው ትላለች። እማማ እየመጡ የቅርጫቱን ጉድለት ያዩና ይህ ደግሞ ምን ዓይነት አምሮት ነው ይላሉ፤ ግን የፈረዱት ራሳቸው ስለሆኑ አይመልሱትም። አንድ ቀን እሳቸው ከወጡ በኋላ እኅቴ፣ «አምሮቱ ከበቃኝ ቆይቷል፤ ገና የምለው ስለሚያሽለኝ ነው» ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ለእናቴ አልተናገርሁባትም።

ሳምንት ሳይሞላ የድዷ ደም ቆመ። ሌላ አንድ ጥርስ በዚያ መሐል ወለቀ፤ የቀሩት ግን ሲወዘወዙ ቆይተው ጸኑ። የበለዘው ባቷ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፤ በኋላ ጠፋ። የእጇ ጠባሳ ተመልሶ ገጠመ። ወተቷ የጨመረው በየትኛው ቀን እንደሆነ ማናችንም አናስታውስም፤ የምናስታውሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጸጥ ማለቱንና ሁላችንም ደንግጠን መጋረጃውን መግለጣችንን ነው። ሕፃኗ ጡት ይዛ ተኝታለች። እናቴ መጋረጃውን ቀስ አድርጋ መለሰችው።

እንግዳው ጤፋቸውን ይዘው ሲመለሱ አባቴ አህያ ጭነው እስከ ዘጌ ጫካ መግቢያ ሸኟቸው። ከዚያ በኋላም በጌሾ ከረጢት ተመላልሰው መጡ። ዓሣ ነጋዴው በመጡ ቁጥር ጠላው መቼ እንደሚደርስ አባቴን ይጠይቅ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ራሷ ወጥታ ሦስት ሎሚ በእጁ ላይ አኖረችለትና፣ «ድፍድፉ ይኸው» አለችው። ከዚያ ወዲህ አልቀለደም፤ ነገር ግን የሚገባውን ከረጢት ከበሩ ድረስ ይሸከምላቸው ጀመር።

ኋላ ላይ አንድ የማውቀው ሐኪም ጠየቅሁ። ጥሬ ቅጠልና ሎሚ ለረጅም ጊዜ የቀረበት ሰው እንዲህ እንደሚሆን፣ ሎሚ ሲያገኝም ቶሎ እንደሚድን ነገረኝ፤ በሽተኛዋን ሳያይ ግን እርግጠኛ ነኝ ሊል አልፈቀደም። አስተርጓሚው ስለ ወታደሩ ድድ ለአባቴ የነገራቸው ትዝ አለኝ። ለእናቴ የሐኪሙን ቃል ስነግራት በትዕግሥት ሰማችኝና፣ «አምሮት ነበር» አለች።

ክረምት ሲገባ የእኅቴ ባል ከጎርጎራ ተመለሰ። ስትስቅለት ክፍተቱን አየና ማን እንደመታት ጠየቃት።

«ልጅህ» አለችው።

ይህ ግን ኋላ ነው። በአርባኛዋ ቀን ጠዋት እናቴ ሎሚ ይዛ ወደ መጋረጃው ገባች። እኅቴ ለብሳ ተቀምጣ ነበር።

«በቃሽ?» አለቻት እናቴ እንደ ልማዷ።

«በቃኝ» አለች እኅቴ።

ተነሣች። ትከሻዬን ሰጠኋት፤ አልያዘችውም። ልጇን ራሷ ታቅፋ በደንገሉ መሐል ባለችው መንገድ ወደ ሐይቁ ወረደችና ታጠበች። በቅርጫቱ በቀሩት ሎሚዎች እናቴ በዚያው ቀን ዓሣ አጠበች።